የሰጡትን የጨረታ ዋጋ ማሰረዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የድሮ ሳንቲም፣ ቴምብር ወይም ሜዳሊያ የሚሰበስብ ሰው ዛሬ ብዙውን የሚገዛው በኢንተርኔት ነው። የምኒልክ ብር ለንደን ላይ ለጨረታ ይቀርባል፤ ተጫራቹ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ የሚለውን ከፍተኛ ዋጋ አስቀድሞ ያስመዘግባል። በማግስቱ ዜሮ አብዝቶ እንደጻፈ ያያል፤ ወይም ፎቶውን አጉልቶ ሲመለከት ያላስተዋለው ጉዳት ያገኛል። ጨረታው ገና አልተካሄደም። በዚህ ሰዓት ሰው የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ እዚህ ላይ ገንዘብ ያስከፍላል።

«አንዴ ዋጋ ከሰጡ አለቀ»

ይህ አስተሳሰብ የመጣው አገር ቤት ከምናውቀው የመንግሥት ጨረታ ነው። እዚያ ፖስታው ታሽጎ፣ የጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ ተያይዞ ይገባል፤ የማስገቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ራሱን ያገለለ ተጫራች ማስከበሪያውን ያጣል። በመዶሻ የሚዘጋ ጨረታ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1789 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ተጫራች ለአረቄ ማውጫ ዕቃ 40 ፓውንድ ጠርቶ መዶሻው ሳይወርድ ተወው፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተጫራቹ አይገደድም ተባለ። ተጫራች ዋጋ ሲጠራ የሚያቀርበው ሐሳብ ነው፤ አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ ነው የሚቀበለው። ይኸው ደንብ ዛሬ በብሪታንያ የ1979 የዕቃ ሽያጭ ሕግ አንቀጽ 57 ላይ፣ በአሜሪካም ወጥ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 2-328 ላይ ተጽፎ ይገኛል።

«እንግዲያው መዶሻው እስኪወርድ ነፃ ነኝ»

ይህም ሙሉ አይደለም። በጀርመን የተሰጠ ዋጋ ያስራል፤ ተጫራቹ የሚፈታው ሌላ ሰው ሲበልጠው ወይም ጨረታው መዶሻ ሳይመታ ሲዘጋ ነው። ብሪታንያና አሜሪካም ቢሆን ሲመዘገቡ «እስማማለሁ» ብለው የተጫኑት የጨረታ ቤቱ ውል አለ፤ ማሰረዣው እስከ መቼ እንደሆነ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው። አንዳንድ ቤት ሎቱ (በአንድ ቁጥር ለጨረታ የቀረበው ዕቃ) እስኪጠራ ይቀበላል፣ ሌላው አንድ ቀን አስቀድሞ ይዘጋል፣ በኢንተርኔት ብቻ የሚካሄዱት ደግሞ ጭራሽ የሚከለክሉ አሉ። ዋጋ ከመስጠትዎ በፊት ያንን አንድ አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ።

«ኢቤይ ላይ መቼም፣ በምንም ምክንያት መሰረዝ ይቻላል»

የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ የሚቀበላቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ ቁጥሩን ተሳስተው ከጻፉ (9.95 ለማለት 99.50)፣ ሻጩ የዕቃውን መግለጫ ጉልህ በሆነ መንገድ ከለወጠ፣ ወይም ሻጩን ማግኘት ካልተቻለ። ቁጥር ተሳስቼ ነው ያለ ሰው ትክክለኛውን ዋጋ ወዲያው ማስገባት አለበት። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ምክንያት አይሆንም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጨረታው እሑድ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል እንበል። ድንበሩ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ መዝጊያው 12 ሰዓት ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከሰረዙ በዚያ ዕቃ ላይ የሰጧቸው ዋጋዎች በሙሉ ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ግን መሰረዝ የሚችሉት የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ፣ ያውም በሰጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ዓርብ 80 ዶላር ሰጥተው እሑድ ከሰዓት በኋላ 180 ካስገቡ፣ 180ው ቢሰረዝም 80ው ይቆማል። አንዱ ሰዓት ካለፈ የሚቀረው ለሻጩ መልእክት ጽፎ ዋጋውን እንዲሰርዝ መለመን ነው። ሻጩ ይችላል፤ ግዴታ ግን የለበትም።

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። አንድ ሳንቲም 60 ዶላር ላይ ቆሟል፤ መሪው ተጫራች በስውር ያስመዘገበው ጣሪያ 140 ነው። ሌላው 500 ብሎ ሲያስገባ ዋጋው 142.50 ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ኢቤይ ዋጋውን ከሁለተኛው ጣሪያ በአንድ ጭማሪ ብቻ ያስበልጠዋል፤ በዚያ እርከን ላይ ጭማሪው 2.50 ነው። ሰውየው 500ውን ሰረዘ ማለት የሌላውን ጣሪያ በነፃ አየ ማለት ነው። ይህን ማድረግ ክልክል ነው፤ ደግሞም የሰረዙት ብዛት በጨረታው ታሪክ ገጽ ላይ ይታያል። እውነተኛ ስሕተት የሠራ ሰው አንዴ ቢሰርዝ አይጎዳም፣ ልማድ ያደረገው ግን ይታወቃል።

«እኔ ስሰርዝ ከእኔ በታች የነበረው ያሸንፋል»

በአዳራሽ ጨረታ ይህ አይሠራም። የአሜሪካው ሕግ በግልጽ እንደሚለው የተሰረዘ ዋጋ የቀደመውን ነፍስ አይዘራበትም፤ የተበለጠው ተጫራች ዕቃውን ከፈለገ እንደገና መጥራት አለበት። ኢቤይ ግን የቀሩትን ጣሪያዎች ይዞ ዋጋውን እንደ አዲስ ያሰላል።

«ዝቅ ያለ ዋጋ ብልክ የቀድሞው ይሻራል»

በብዛት ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰኞ በኢሜይል 400 ፓውንድ፣ ረቡዕ ደግሞ 250 ቢልኩ፣ የቤቱ ሠራተኛ ሁለት ትእዛዝ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ይሰረዝ ያለው ስለሌለ 400ው ሊፈጸም ይችላል። ሁለተኛውን ዋጋ በሌላ የጨረታ መድረክ በኩል ካስገቡ ደግሞ ይብሳል፤ በሁለት የተጫራች ቁጥር ተመዝግበው ከራስዎ ጋር ይጫረታሉ። አንዱ ጋ መሰረዝ ሌላው ጋ አይደርስም፤ በገቡበት በር ሁሉ መሰረዝ ያስፈልጋል።

የማሰረዣው ኢሜይል አጭር ይሁን። የሚይዘው የጨረታውን ቁጥርና ቀን፣ የተጫራች ቁጥርዎን፣ የሎቱን ቁጥርና የዕቃውን ስም፣ የሰጡትን ዋጋ ከነገንዘቡ ዓይነት፣ ከዚያ «በዚህ ሎት ላይ የሰጠሁትን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ሰርዣለሁ፤ እባክዎ በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለመቀነስ ከሆነም መጀመሪያ ይሰርዙ፣ ማረጋገጫው ሲመጣ አዲሱን ይስጡ። መልስ ካልመጣ ይደውሉ፤ ያነጋገሩትን ሰው ስምና ሰዓቱን ይመዝግቡ። የተላከ ኢሜይል ተነቧል ማለት አይደለም፤ ዓርብ ማታ የላኩት ሰኞ ጠዋት ሊከፈት ይችላል።

«10 ሰዓት ነው የሚለው፤ ገና ነው»

የኒውዮርክ ጠዋት 10:00 በእኛ አቆጣጠር በበጋቸው ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ምሽት 12 ሰዓት ነው። እነሱ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ሲቀይሩ የእኛ አይነቃነቅም። «በዋዜማው 5:00 ከሰዓት በኋላ» የሚል የኒውዮርክ ገደብ በበጋቸው አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ላይ ይውላል። ከለንደን ጋር ያለው ልዩነት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው።

«መግለጫው ስሕተት ስለሆነ መሰረዝ መብቴ ነው»

ስሕተቱ የማን እንደሆነ መጀመሪያ ይጣራ። የምኒልክ ብር ላይ ፲፰፻፹፱ ተጽፎ ካታሎጉ 1897 ቢል ካታሎጉ አልተሳሳተም፤ ሳንቲሙ ላይ ያለው የእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ጠገራ ብር ላይ 1780 ስላለ ሳንቲሙ በዚያ ዓመት ተሠራ ማለትም አይደለም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላ በዚያው ዓመተ ምሕረት በቪየና፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ጭምር ሲመታ ኖሯል። መግለጫው «ድጋሚ የተመታ» ካለ ነግሮዎታል።

በቂ ምክንያት የሚሆነው ቤቱ ራሱ ከጨረታው በፊት የሚያወጣው ማስተካከያ ነው። ጠገራ በአገራችን የአንገት ጌጥ ሆኖ ስለኖረ ብዙው ጆሮ (የማንጠልጠያ ቀለበት) ተበይዶለት ኋላ የተነሣለት ነው። ጠርዙን ከንግሥቲቱ ራስ በላይ አጉልተው ይመልከቱ፤ ለስልሶ የተሞረደ ቦታ ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። ቤቱ «የጆሮ ምልክት አለበት» ብሎ ካስተካከለ፣ ማስታወቂያውን ጠቅሰው በዚያው ቀን ይጻፉ።

«ካልከፈልኩ ያው መሰረዝ ነው»

አይደለም። መዶሻው ከወረደ ሽያጭ ተፈጽሟል፤ ዕዳውም የጠሩት ዋጋ ብቻ ሳይሆን የገዢ ኮሚሽን ይጨመርበታል። በኮሚሽን 20 በመቶ፣ 400 ፓውንድ 480 ይሆናል፤ ታክስና መላኪያ ገና አልተቆጠረም። ቤቱ ዕቃውን እንደገና ሸጦ የጎደለውን ሊጠይቅዎትና ከቀጣይ ጨረታዎች ሊያግድዎት ይችላል። ኢቤይ ላይ ደግሞ አራት ቀን ካለፈ ሻጩ ሽያጩን ሰርዞ ያልከፈሉ መሆንዎን ያስመዘግባል።

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለሚኖሩ አንድ መውጫ አለ። ሻጩ ነጋዴ ከሆነና ጨረታው በኢንተርኔት ብቻ የተካሄደ ከሆነ፣ ዕቃው በእጅ ከገባ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይቻላል። ተጫራች በአካል ሊገኝበት የሚችል አዳራሽ ያለው ጨረታ ግን ከዚህ መብት ውጭ ነው፤ እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው በስልክ ቢጫረቱም እንኳ።