የወር አበባ እና ማረጥ፦ ትእዛዙ ከየት ይመጣል?

ስለ ወር አበባ ስናወራ የምናወራው ስለ ደሙ ነው። ደሙ ግን የሥራው ማብቂያ ነው። ሥራው የሚጀመረው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሃይፖታላመስ የሚባለው ትንሽ የአንጎል ክፍል በየተወሰነ ደቂቃ ሆርሞን ይረጫል። ከሥሩ ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ይህን ተቀብሎ ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ኤፍኤስኤች ኦቫሪ (የእንቁላል ማፍሪያ) ውስጥ ያሉትን እንቁላል የያዙ ከረጢቶች ያሳድጋል። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከረጢት ይቀድማል፣ ሌሎቹ ይከስማሉ። ቀዳሚው ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያመርታል፤ የማህፀን ውስጠኛ ግድግዳም በዚሁ ይወፍራል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኢስትሮጅን በአብዛኛው ፒቱታሪን ያቀዘቅዘዋል። መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ለሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤልኤች በአንዴ ያሻቅባል፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላም እንቁላሉ ይወጣል። ባዶ የቀረው ከረጢት ፕሮጄስትሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን ማምረት ይጀምራል። ፕሮጄስትሮን ግድግዳውን ለጽንስ ያዘጋጃል፣ የሰውነትንም ሙቀት በትንሹ ከፍ ያደርጋል። እርግዝና ከሌለ ከረጢቱ በ14 ቀን ገደማ ይሟሽሻል። ሆርሞኖቹ ሲወርዱ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ደም ይመጣል።

እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ያለው ይህ ሁለተኛው አጋማሽ ብዙም አይለዋወጥም። እርግዝና ሳይኖር ወር አበባ ከዘገየ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየው እንቁላሉ ነው። ከባድ ጭንቀት፣ ክብደት በፍጥነት መቀነስ፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር፣ ሁሉም ከላይ የሚመጣውን ትእዛዝ ሊያዛቡ ይችላሉ።

አገራችን ውስጥ በስፋት የሚወሰደው የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የፒቱታሪን ትእዛዝ አዳክሞ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ግድግዳውንም ያሳሳል። ብዙ ሴቶች ወር አበባቸው ሲቀር «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ብለው ይሰጋሉ። የሚጠራቀም ደም የለም፤ የሚፈርስ ወፍራም ግድግዳ አልተሠራምና።

ሴት ልጅ የምትወለደው ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ከሚሆኑ የእንቁላል ከረጢቶች ጋር ነው። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚቀሯት 300 ወይም 400 ሺህ ያህል ናቸው። በዕድሜዋ ሙሉ የሚወጡት እንቁላሎች ግን ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው፤ ሌላው ዝም ብሎ ይከስማል። ክምችቱ ሲያልቅ ኢስትሮጅን ይወርዳል። ፒቱታሪ ደግሞ መልስ ሲያጣ ኤፍኤስኤችን አብዝቶ ይለቃል።

ማረጥ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል። አረጠች የሚባለው ሌላ ምክንያት ሳይኖር ወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ከቀረ ነው። ከዚያ በፊት ዑደቱ ለዓመታት ሊዘበራረቅ ይችላል። በድንገት የሚመጣው ሙቀትና ላብ የኢስትሮጅን መውረድ የአንጎልን የሙቀት መቆጣጠሪያ ስለሚረብሽ ነው። እንቅልፍ ይረበሻል፣ ብልት ይደርቃል፣ አጥንት ይሳሳል። «ዕድሜ ነው፣ ቻይው» ማለት ልክ አይመስለኝም፤ ሕክምና አለውና። ሐኪም የሴትየዋን የጤና ታሪክ አይቶ ኢስትሮጅን ሊያዝላት ይችላል። ማህፀን ካላት ፕሮጄስትሮንም ይጨመርላታል፤ ኢስትሮጅን ብቻውን ግድግዳውን አወፍሮ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ደግሞ፣ ጠብታም ቢሆን፣ ቶሎ መመርመር አለበት።