ሴንግሄኒዝ፦ በአንድ የከሰል ጉድጓድ ዙሪያ የተሠራች የዌልስ ከተማ

ሴንግሄኒዝ በደቡብ ዌልስ፣ ከኬርፊሊ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። የአበር ሸለቆ እዚያ ያልቃል፤ ከከተማዋ ወዲያ ያለው ተራራ ነው። እስከ 1890ዎቹ መባቻ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስፍራው የበግ ግጦሽና እዚህም እዚያም የተበተኑ የገበሬ ቤቶች ብቻ ነበሩበት። ከተማዋን የወለዳት ዩኒቨርሳል የተባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው። ቁፋሮው በ1891 ተጀመረ፤ የባቡር ሐዲዱ በ1894 ከኬርፊሊ ደረሰ፤ የመጀመሪያው ከሰል በ1896 ወጣ። ላንካስተርና ዮርክ የሚባሉት ሁለቱ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው ወደ 590 ሜትር ገደማ ይጠልቁ ነበር። በላንካስተር ንጹሕ አየር ይገባል፣ በዮርክ ደግሞ የተበከለው አየር ይወጣል።

ይህን ያህል ጥልቀት ያስቆፈረው የከሰሉ ዓይነት ነው። የአካባቢው ከሰል ሙቀቱ ብዙ፣ ጭሱ ጥቂት በመሆኑ ለእንፋሎት ሞተር እጅግ ተመራጭ ነበር። የጦር መርከብን ጭሷ ከሩቅ ስለሚያጋልጣት የብሪታንያ ባሕር ኃይል የደቡብ ዌልስን ከሰል አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ማዕድኑ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዌልስ ገጠርና ከሌሎች የማዕድን ሸለቆዎች ሥራ ፈላጊ ጎረፈ። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው በረድፍ ተሠሩ። ብዙ ቤተሰብ አንዱን ክፍል ለተከራይ ወንዶች ይለቅ ስለነበር አንዲት ሴት ባሏን፣ ልጆቿንና ደባሎቹን ትመግባለች፣ ታጥብላቸዋለች። በማዕድኑ ደጃፍ መታጠቢያ ቤት ስላልነበረ ሠራተኛው ከነጥላሸቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ውሃው በምድጃ ላይ ፈልቶ በቆርቆሮ ገንዳ ከእሳቱ ፊት ይቀርብለታል። ባልና ልጆች በተለያየ ፈረቃ ሲሠሩ ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ውሃ መሸከሙም ማፍላቱም የሴቶቹ ድርሻ ነበር፤ የማዕድን ታሪክ ሲጻፍ ግን ይህ ድካም ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ጠዋት ሠራተኛው በመጀመሪያ ወደ መብራት ክፍሉ ይሄዳል። እዚያ ቁጥር ያለበትና ከታች እንዳይከፈት የተቆለፈ ፋኖስ ይሰጠዋል። ማታ ሳይመለስ የቀረ ፋኖስ ካለ ከታች የቀረ ሰው አለ ማለት ነው። በብረት ሊፍት ወርዶ ወደ ሥራ ቦታው በእግሩ ይጓዛል። ቆፋሪው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልጅ በረዳትነት ይዞ ይሠራል፤ 14 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነበር። ዶማውንና አካፋውን የሚገዛው ራሱ ነው። ጣሪያውን በእንጨት የሚደግፈውም ራሱ ነው፤ ክፍያው ግን በቶን ስለሆነ ድጋፍ ሲያቆም የሚጠፋው ጊዜ ከገቢው ይቀነሳል። በደቡብ ዌልስ በጠቅላላው ለደቃቅ ከሰል ስለማይከፈል ጉማጁ እንዳይሰባበር በእጅ ተለቅሞ በሣጥን ወደ ፉርጎው ይጫናል። ላይ ሲደርስም የሠራተኞቹ የራሳቸው ሚዛን ተመልካች ከኩባንያው መዛኝ አጠገብ ቆሞ ይቆጣጠራል፤ ደመወዙን የሚያዋጡለትም እነሱ ናቸው።

ዩኒቨርሳል ሚቴን የሚባለው ጋዝ የሚበዛበት ማዕድን ነበር። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ይፈነዳል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከአየር ስለሚቀልም በጣሪያው ሥር ይጠራቀማል። የሚለየው በፋኖሱ ነው። ተቆጣጣሪው ነበልባሉን ዝቅ አድርጎ ፋኖሱን ቀስ እያለ ወደ ጣሪያው ያስጠጋል። ጋዝ ካለ ከነበልባሉ አናት ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ቆብ ይታያል፤ ቆቡ በረዘመ ቁጥር ጋዙ በዝቷል። የ1911ዱ የከሰል ማዕድን ሕግ በእንዲህ ዓይነት ማዕድን ጋዙ 2.5 በመቶ ሲደርስ ሠራተኛው እንዲወጣ ያዝዝ ነበር። ፋኖሱን በጥድፊያ ወደ ላይ ያነሳ ሰው ነበልባሉ ይጠፋበታል፤ ከዚያ በጨለማ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

የባሰው ጠላት ግን ብናኙ ነው። ፉርጎዎቹ ከሰል ሞልተው በዋናው መተላለፊያ ወደ ጉድጓዱ ሲጎተቱ፣ ንጹሑ አየር በዚያው መንገድ ፊት ለፊት ይነፍሳል፤ ጥቃቅኑን ከሰል ከላያቸው እየጠረገ በግድግዳው፣ በጣሪያውና በድጋፍ እንጨቶቹ ላይ ያነጥፈዋል። ጥቂት ሚቴን በአንድ ስፍራ ሲፈነዳ ግፊቱ ከእሳቱ ቀድሞ ይሮጥና ያንን ብናኝ ከያለበት ያነሳዋል፤ የሚከተለው ነበልባል ደግሞ ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ በአንድ ጥግ የተነሳ እሳት ኪሎ ሜትሮችን ሊያቋርጥ ይችላል። ወለሉን ብቻ ውሃ መርጨት አይበቃም፤ ቀላሉና ደቃቁ ብናኝ ያለው ከላይ ነውና።

ይህ በሴንግሄኒዝ በተግባር የታየው ግንቦት 24 ቀን 1901 ነው። ንጋት ላይ የሌሊቱ ፈረቃ አብዛኛው ከወጣ በኋላ ፍንዳታ ደረሰ፤ 81 ሰዎች ሞቱ፣ ከታች ከነበሩት አንድ ሰው ብቻ ተረፈ። ምርመራው ፍንዳታውን ያባባሰው ብናኙ መሆኑን ጠቀሰ።

ከ12 ዓመት በኋላ ጥቅምት 14 ቀን 1913 ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ወደ 950 የሚጠጉ ሰዎች ከታች እያሉ ምዕራባዊው ክፍል ፈነዳ። ግፊቱ የላንካስተርን ሊፍት ወደ ላይ አስፈንጥሮ ከማንሻው ማማ ጋር አላተመው። በምሥራቁ ክፍል የነበሩት በሕይወት ወጡ። በምዕራብ ግን እሳቱ መግቢያውን ዘጋው፤ የውሃ ቧንቧዎቹም ተሰባብረው ነበር። አዳኞቹ በዚያው ሌሊት 18 ሰዎችን በሕይወት አገኙ፤ ከዚያ በኋላ የተገኘ የለም። የሟቾቹ ቁጥር 439 ሠራተኞችና 1 አዳኝ ነው። በብሪታንያ የከሰል ማዕድን ታሪክ ይህን ያህል ሰው የገደለ አደጋ የለም። 8ቱ ገና 14 ዓመታቸው ነበር። ከ200 በላይ ሴቶች ባሎቻቸውን፣ ከ500 በላይ ልጆች አባቶቻቸውን አጡ።

ከፍንዳታው ያመለጡትን ብዙዎቹን የገደላቸው ተከትሎ የመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ስለሚነጥቅ ሰውየው ሳይታወቀው ጉልበቱ ይከዳዋል። አዳኞች ካናሪ ወፍ ይዘው ይገቡ የነበረው፣ ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ ነው።

ሕጉ የነፋሱን አቅጣጫ መገልበጥ የሚያስችል መሣሪያ እንዲኖር እስከ ጥር 1913 ቀን ሰጥቶ ነበር። ለዩኒቨርሳል እስከ መስከረም መጨረሻ ተራዘመለት፤ ያም ቀን አልፎ ሥራው አላለቀም ነበር። መሣሪያው የሚያስፈልገው እሳት በአየር መግቢያው በኩል ሲነሳ ጭሱ ወደ ሰዎቹ ከመግባት ይልቅ በመጣበት እንዲመለስ ለማድረግ ነው። የተገለበጠ ነፋስ የፈንጂ ጋዝ ወደ እሳቱ ሊጎትትም ይችላል፤ መሣሪያው በዚያን ቀን ቢኖር ይጠቅም ነበር ወይስ ይጎዳ የሚለው በምርመራው ላይ አከራክሯል።

በዋናው የማዕድን ኢንስፔክተር በሪቻርድ ሬድሜይን የተመራው ምርመራ የእሳቱን መነሻ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ከተጠረጠሩት አንዱ የምልክት ደወሉ ነው። በመተላለፊያው ሁለት ራቁት ሽቦዎች ተዘርግተው ነበር፤ ሠራተኛው በብረት ሲያገናኛቸው የማንሻው ክፍል ደወል ይጮኻል፣ ሲያለያያቸውም ብልጭታ ይወጣል። ከአደጋው በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ይህ ብልጭታ ሚቴን ሊያቀጣጥል እንደሚችል አረጋገጡ። ዛሬ በማዕድንና በጋዝ ፋብሪካዎች የሚሠራበት፣ የኤሌክትሪክ ዑደቱን ጉልበት ጋዝ ሊያቀጣጥል እንዳይችል አሳንሶ የመገደብ ዘዴ የተወለደው ከዚህ ነው። ለብናኙ መድኃኒቱ መተላለፊያዎቹ ላይ የድንጋይ ዱቄት መነስነስ ሆነ። ዱቄቱ ከብናኙ ጋር አብሮ ይነሳና ሙቀቱን ስለሚወስድ ነበልባሉ ይከስማል። ይህ በብሪታንያ ግዴታ የሆነው በ1920 ነው።

ሥራ አስኪያጁ ሕግ በመተላለፍ ተከሶ 24 ፓውንድ ተቀጣ፤ ኩባንያው በይግባኝ 10 ፓውንድ። የሥራ አስኪያጁ ቅጣት ለ439ኙ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዘመኑ ገንዘብ (አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነበር) 13 ፔኒ ገደማ ይደርሳል። ይህ ሒሳብ በሸለቆው እስካሁን አይረሳም።

ማዕድኑ በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ዳግም ተከፈተ፤ ሌላ የሚኖሩበት ሥራ አልነበረምና ሰዎቹ ተመልሰው ወረዱ። የተዘጋው በ1928 ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሠሩት ከሸለቆው ወረድ ብሎ አበርትሪዱር ወዳለው ዊንድዘር ማዕድን ይሄዱ ጀመር፤ እሱም በ1986 ተዘጋ። የመንገደኛ ባቡሩ በ1964 ቆመ፤ የዩኒቨርሳል ጉድጓዶች በ1979 ተደፈኑ። በጥቅምት 14 ቀን 2013፣ በአደጋው መቶኛ ዓመት፣ በዌልስ ማዕድናት ለሞቱት ሁሉ የሚሆን ብሔራዊ መታሰቢያ በከተማዋ ተመረቀ። መካከሉ ላይ አንድ አዳኝ የደከመ ሠራተኛን ደግፎ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ቆሟል፤ ዙሪያውን ባለው ግድግዳ ደግሞ በ1901 እና በ1913 የሞቱት ሰዎች ስም በየሸክላ ጡቡ ተጽፏል።