ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ

ሰሞኑን የተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ወሬው ስለ ትዳር ነው። እንግዳዋ፣ ባልና ሚስት በሥራ ምክንያት በተለያየ ከተማ ሲኖሩ ምን እንደሚገጥማቸው ታስረዳለች። አዘጋጁ ጨዋታውን ላሳምር ብሎ «እሱ ሐዋሳ፣ እሷ ደሴ፤ ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ሆነው እንዴት ይዘለቃል?» አለ። ረዳቱ ሳቀ። እኔን ግን ከነከነኝ። ከሁለቱ ቆቋ የትኛዋ ናት? አንዱ አንዱን በዱላ እያሳደደው ነው እንዴ?

አባባሉ ዒላማ ለሳተ ነገር እንጂ ተራርቆ ለሚኖር ሰው አልተባለም። ይህን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው አልደክምበትም። ከጀርባው ያለውን አደን የሚያውቅ ሰው ግን እየጠፋ ነው። አደኑን ያላየ ሰው ደግሞ አባባሉን እንዳሻው ቢያደርገው አይገርምም።

ከቆቋ እንጀምር። ከተሜው ስለ ቆቅ የሚያውቀው ንቃቷን ነው። «እሱ እኮ ቆቅ ነው» የምንለው አይዘናጋም፣ በቀላሉ አይያዝም ለማለት ነው። እውነት ነው፤ ግን ሌላም ጠባይ አላት። ሰው ሲመጣባት ቶሎ አትነሳም። መሬት ላይ ልጥፍ ትላለች። መልኳ ከደረቀ ሣርና ከአፈር ጋር አንድ ስለሆነ አጠገቧ ቆማችሁም አታዩዋትም። ልትረግጧት አንድ እርምጃ ሲቀራችሁ ብርርር ብላ ከእግራችሁ ሥር ትነሳለች። ልብ ታወልቃለች። ጎረምሳ ነኝ ባይ ሁሉ ዱላውን ጥሎ ወደ ኋላ ሲፈናጠር አይቻለሁ።

ታዲያ በረራዋ አይዘልቅም። ሰውነቷ ከባድ፣ ክንፏ አጭር ነው። ባላት ኃይል ሁሉ ትነሳና ትንሽ ራቅ ብላ ታርፋለች። ደጋግመው ካስነሷት ክንፏ ይዝላል። እግሯ ግን ሌላ ጉድ ነው። ያረፈችበት ቦታ አትቆይም። መሬት እንደነካች አንገቷን ዝቅ አድርጋ በሣር ውስጥ ትሮጣለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው። በነገራችን ላይ በአባይና በጀማ ሸለቆ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም አገር የማትገኝ የቆቅ ዝርያ አለች። ፈረንጆች እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1899 መዝግበው የሳይንስ ስም አውጥተውላታል። የእኛ አገር እረኛ ግን ከዚያ በፊትም በወጥ ሳያውቃት አልቀረም።

እኛ ዘንድ የቆቅ ወቅቱ ጥር ነበር። ምክንያት አለው። ከገና በፊት የነቢያት ጾም ነው፤ ጥር አልፎ ብዙም ሳይቆይ ዐቢይ ጾም ይገባል። ለሥጋ የተለቀቀው በመካከል ያለችው ጊዜ ናት፤ እሷም ረቡዕና ዓርብ ተቀንሶላት። አዝመራው ደግሞ ያኔ ተሰብስቧል። ማሳው ራቁቱን ነው። የረገፈ እህል ልትለቅም የመጣች ቆቅ መሸሸጊያዋ በድንበሩ ላይ የቀረው ሣርና በዳር ያለው ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ገበሬውም አያዝንላትም። የዘራውን እየጫረች ስትለቅምበት ስለከረመች ቂም ይዟል።

መሣሪያው ዱላ ነው። ጥይት ለቆቅ አይወጣም፤ ዋጋው ከወጡ ይበልጣል። ወንጭፍ አለ፤ እሱ ግን ማማ ላይ ሆኖ ዝንጀሮና ወፍ ለሚጠብቅ ነው። ከፈረስ ጭራ የሚገመድ ወጥመድም ነበር። ትልልቆቹ ልጆች ይህን ከአደን አይቆጥሩትም፤ «የሰነፍ ሥራ» ይሉታል። የቆቅ ዱላ አጠር ያለች ናት። ከወይራ ወይም ከክትክታ ትቆረጣለች፣ ጫፏ ከበድ ይላል፣ እንዳትሰነጠቅም ቅቤ እየጠጣች ትከርማለች። እናቶች ከቅል ውስጥ ቅቤ የሚጎድልበትን ምክንያት ያውቁ ነበር፤ የሚጮኹት ግን ለወጉ ነው።

ያቺን ዱላ መወርወር ነው ማምዘግዘግ የሚባለው። ከትከሻ በላይ አይወረወርም። ጎንበስ ብሎ፣ ክንድን ከኋላ አምጥቶ፣ ከወገብ ዝቅ ባለ ከፍታ አግድም ይለቀቃል። ዱላዋ እየተሽከረከረች፣ እያፏጨች መሬት መሬቱን ትሄዳለች። አግድም የምትለቀቀው ሰፋ ያለ ቦታ ጠርጋ እንድታልፍ ነው። አጎቴ በዚህ የታወቀ ነበር። «ቆቋን ተዋት፣ መንገዷን እይ» ይለኛል። ቆቋ ካለችበት ላይ የወረወረ ሰው አንድ ክንድ ኋላ ይቀራልና። (ዛሬ ይህ ቃል የሚሰማው በውጭ ዜና ላይ ነው፤ ተምዘግዛጊ ሚሳኤል፣ ተወንጫፊ ሚሳኤል። የእረኛ ዱላና የእረኛ ወንጭፍ የት ደረሱ!)

ዱላዋ ካገኘቻት በኋላም ሥራው አላለቀም። ሳትሞት ደርሶ ማረድ ያስፈልጋል። ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይቀምሳትም። ስለዚህ ጥሩ ውርወራ የምትጥል እንጂ የምትገድል አይደለችም። ክንፍ የመታ ይመሰገናል፣ ራስ የመታ ይሰደባል። እኛ ልጆች ማረድ ስለማይፈቀድልን ቆቋን ታቅፈን ትልቅ ሰው ፍለጋ በየማሳው እንሮጣለን። አንድ ቀን ያገኘናቸው ትልቅ ሰው ሙስሊሙ ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። «እኔ ካረድኳትማ የምበላትም እኔው ነኝ» ብለው ሳቁብን። ሌላ ሰው ልንፈልግ ስንሮጥ ቆቋ እጃችን ላይ አለፈች። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ፈተና ወድቄም አልተናደድኩም።

ትልቁ አደን ሌላ ዓለም ነበር። ዝሆን የገደለ ጆሮው ላይ ሎቲ ያጠልቅ፣ አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋ ነበር። ግዳይ የጣለ ሰው አገሩ ሲገባ በእልልታና በዘፈን ይቀበሉት፣ ራሱን ቅቤ ይቀቡት፣ እሱም መሬት እየደበደበ ይፎክር ነበር። ለቆቅ የሚፎክር ግን የለም። «ቆቅ ገዳይ!» ብሎ የተነሳ ሰው የመንደር መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። የቆቅ አደን ክብር ስላልነበረው ቀልድ በቀልድ ሆነ። አዳኙ ሲሳካለት ማንም አያወራለትም፤ ሲስት ግን ዓመቱን ሙሉ ይወራል። አባባሉ ከዚህ ቀልድ የወጣ ይመስለኛል። ከየት ቦታ እንደወጣም ልንገራችሁ።

ቆቅ ብቻውን የሚያድን የለም። ልጆች በማሳው ዳር ይሰለፋሉ፣ ውሻ ከፊት ይገባል። አንድ ሁለት ልጆች ደግሞ ከሸለቆው ማዶ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆማሉ። የእነሱ ሥራ ማየት ነው። ቆቋ ተነስታ የት እንዳረፈች፣ ካረፈች በኋላም በየት እንደሮጠች ከላይ ሆነው ያያሉ። ይጮኻሉ። «ወዲያ! ወዲያ! ከግራሩ ሥር!» «ኧረ ወዲህ ዞረች! ወዲህ!» ታች ያለው ልጅ ሣር ውጦታል። በዓይኑ የያዘው ቆቋ ስታርፍ ያያትን ቦታ ብቻ ነው። ጩኸቱን ከቁብ አይቆጥርም። እዚያው ላይ ዱላውን ያምዘገዝጋል። ዱላዋ አንዲት ስንዝር ሳትስት ያለማት ቦታ ላይ ትወድቃለች። ቆቋ በሌላ በኩል ብርርር። ማዶ ያሉት በሳቅ ይፈርሳሉ።

እንግዲህ የእኔ ግምት ይህ ነው፤ «ወዲያ» እና «ወዲህ» የእነዚያ ማዶ የቆሙ ልጆች ጩኸት ናቸው። አባባሉን ያወጣው ሽማግሌ አይደለም፣ ደብተራም አይደለም። ከማዶ ሆኖ ሲስቅ የነበረ እረኛ ነው። አንዱ «ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ»፣ ሌላው «ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። ትክክለኛው የቱ ነው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ገጥመውኛል። ሁለቱም ልክ ነው። ተመልካቹ የቆመው በየትኛው ማዶ ነው? ነገሩ ያው ነው።

አማርኛ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ከየት መጽሐፍ አገኘኸው?» አለኝ። ከሣሩ ውስጥ ነዋ! ቆቅ ስታርፍ አይቶ የማያውቅ ሰው መጽሐፍ ቢያገላብጥ ምን ያገኛል?

ደግሞ ልብ በሉ። በእኔ ግምት ከሄድን ወርዋሪው ክንደ ሰባራ አይደለም። ያለመውን መትቷል። ጥፋቱ ቀደም ብሎ ባየው ላይ ሙጭጭ ማለቱ፣ የሚያዩት ሲጮኹለትም አለመስማቱ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የዘገየን ሰው ይነካል። የእኛው አባባል ግን በሰዓቱ የደረሰን፣ ጉልበት ያለውን፣ ዱላውም ያማረውን ሰው ነው የሚነካው። ለዚህ ነው የሚያምረኝ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ በላይኛው ሠፈር ገባ እንበል። ዘንድሮ መንገዱን ቀይሮ በታችኛው ይመጣል። ነዋሪው «ኧረ በዚህ በኩል ነው!» እያለ ይጮኻል። ኮሚቴው ግን ላይኛውን ሠፈር በድንጋይ እያጠረ ነው። ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ ማለት ይሄ ነው። አባባሉ ልክ እዚህ ቦታ ላይ ይገባል።

ወደ አደኑ ልመለስ እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስጠይቃል፤ ያስጠይቅም። ቆቋ ትኑር። የአሁኑ እረኛ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ቢውል እሰየው። ቃሏን ግን ባታበላሹብኝ።

አሁን አሁን ሁለት ሐሳብ በተለያየ ቁጥር ሁሉ ቆቅ ይጠራል። ሁለት ፓርቲ ካልተስማማ ቆቅ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቆቅ፣ የሠርግ አጃቢ ተነጣጥሎ ከሄደ ቆቅ። አለመስማማት የራሱ ቃል የለውም? «ሆድና ጀርባ ሆኑ» ብንል ማን ይከለክለናል? ቆቅ ሲባል የሚያድን፣ የሚታደን፣ የሚወረወርም መኖር አለበት። ወርዋሪ ከሌለ ምዝግዝግ ከየት ይመጣል?

ይባስ ብሎ ባለፈው አንዱ አባባሉን ከነሥዕሉ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት አየሁ። ሁለት ወፎች ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ቆመዋል፤ አንደኛዋ ሥር «ቆቅ»፣ ሁለተኛዋ ሥር «ምዝግዝግ» ተብሎ ተጽፏል። ሥር ደግሞ አንድ ሰው «ምዝግዝግ የምትባለዋ ወፍ የት ነው የምትገኘው?» ብሎ ጠይቋል። ሌላው ምንም ሳያፍር «ቆላ አካባቢ ትበዛለች» ብሎ መለሰለት። እኔም አላስችል ብሎኝ «ውርወራ ናት ወንድሜ፣ ወፍ አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ላይክ ያደረገልኝ የለም።