ባንክራፕሲ ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ዕዳ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ «ያለኝ ይህ ነው፣ ያለብኝ ይህ ነው፣ መክፈል አልቻልኩም» ብሎ የሚያመለክትበት ሕጋዊ መንገድ ባንክራፕሲ ይባላል። ፍርድ ቤቱ ዕዳውን ይሰርዝለታል፤ ወይም በአቅሙ ልክ ከፍሎ እንዲገላገል ያደርገዋል። አገር ቤት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኪሳራን የደነገገው ለነጋዴ ነበር። ደመወዝተኛ ከሆስፒታል ወይም ከክሬዲት ካርድ ዕዳ በፍርድ ቤት ነፃ ሲወጣ አይተን ስላላደግን፣ ብዙዎቻችን ነገሩን ከወንጀልና ከውርደት ጋር እናያይዘዋለን። የክሬዲት ካርድ ዕዳ መክፈል ስላቃተው ብቻ ግን አሜሪካ ውስጥ ማንም አይታሰርም።

ማመልከቻው ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ አብዛኛው የማስከፈል ሥራ በሕግ ይቆማል። የኮሌክሽን (የዕዳ አስከፋይ ድርጅት) ስልክ፣ ክስ፣ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ፣ መኪና መውሰድ፣ የቤት ሐራጅ ሳይቀር ይታገዳል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ለሚደነግጥ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

ለግለሰብ በብዛት የሚያገለግሉት፣ በሕጉ ምዕራፍ (ቻፕተር) ቁጥር የሚጠሩ ሁለት መንገዶች ናቸው። ቻፕተር 7 ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ነው። የቤተሰቡ ገቢ በሚኖርበት ስቴት ካለው መካከለኛ ገቢ ጋር ይነጻጸራል፤ ከዚያ ከበለጠ ሌላ ስሌት ይከተላል። ችግር ከሌለ ነገሩ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። የፍርድ ቤት ክፍያው 338 ዶላር ሲሆን፣ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፤ ገቢው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ሰው እንዲቀርለትም መጠየቅ ይችላል። ቻፕተር 13 ደግሞ ቋሚ ገቢ ላለው፣ በተለይ የቤት ክፍያ ተጠራቅሞበት ቤቱን ማትረፍ ለሚፈልግ ሰው ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት በወር በወር ይከፍላል። በሁለቱም፣ ከማመልከቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት የምክር አገልግሎት መውሰድ ግዴታ ነው።

«ንብረቴን ሁሉ ይወስዱብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያስቀራል። እያንዳንዱ ስቴት የማይነካ ንብረት ብሎ የለየው አለ፤ የቤት ዕቃ፣ እስከተወሰነ ዋጋ ድረስ መኪና፣ በመኖሪያ ቤት ላይ ያለ ድርሻ። መጠኑ ከስቴት ስቴት በጣም ስለሚለያይ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ የነገራችሁ ቁጥር ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። አብዛኛው የቻፕተር 7 አመልካች የሚወሰድበት ነገር የለም። መኪናው ወይም ቤቱ በብድር የተያዘ ከሆነ ግን፣ ይዞ ለመቀጠል ክፍያው መቀጠል አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ከማመልከቱ በፊት ባሉት ወራት የሚያደርገው ነው። ወገኖቻችን የሚጎዱት ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው፤ የሚጎዱትም በቅንነት ነው። አንዱ ክሬዲት ካርዱን ለመክፈል በሥራ ቦታው ያጠራቀመውን የጡረታ ቁጠባ (401(k)) አውጥቶ ይጨርሰዋል። ያ ገንዘብ በባንክራፕሲ ሕግ አበዳሪ የማይደርስበት ነበር። ሌላው «የባንክ ይቅር፣ የወንድሜ ግን አይቀርም» ብሎ ለወንድሙ 5,000 ዶላር ይመልስና በወሩ ያመለክታል። መዝገቡን የሚይዘው ሰው፣ ትረስቲው፣ ለዘመድ በአንድ ዓመት ውስጥ የተከፈለን ዕዳ ከወንድምየው ላይ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ወንድሙን ከጭንቀት አድናለሁ ያለው ሰው ደብዳቤ ያስልክበታል። መኪናን በእህት ስም ማዞርም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ማሸሽ ተብሎ ዕዳው እንዳይሰረዝ ሊያደርግ ይችላል። የዘመድ ብድር ህሊናችሁን ከከበዳችሁ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ከአዲሱ ገቢያችሁ በፈቃዳችሁ ብትከፍሉ ሕጉ አይከለክልም። ጊዜውን መጠበቅ ብቻ ነው።

ዕቁብስ? ዕጣው ደርሶት ገንዘቡን የበላና ገና የሚጥለው ዙር የቀረው ሰው፣ አባላቱ አበዳሪዎቹ ስለሆኑ ይመዘገባሉ። ዕጣው ያልደረሰው ደግሞ እስካሁን የጣለው ገንዘብ ሀብቱ ነው፤ እሱም ይጻፋል። «ወረቀት የለውም፣ ማን ያውቃል?» ማለት አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየም፣ ከወላጅ የተወረሰ የቤት ድርሻ፣ ባሕር ዳር ያለ ቦታ ሁሉ መጻፍ አለበት፤ ሕጉ ንብረት የሚለው የትም አገር ያለውን፣ በማንም እጅ ያለውን ነው። ቅጹ ላይ ባለፉት 2 ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥተው እንደሆነ የሚጠይቅ መስመርም አለ። ለእናት በየወሩ የሚላከውን ገንዘብ ስለዚህ ለጠበቃው አስቀድሞ መንገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ መደበቅ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው።

ካመለከቱ በኋላ ከወር ገደማ በኋላ አንድ ስብሰባ አለ። ዳኛ የለበትም። የቻፕተር 7 ስብሰባ አሁን በአብዛኛው በዙም ነው፤ ሰውዬው መንጃ ፈቃዱንና የሶሻል ሴኩሪቲ ማስረጃውን ያሳያል፣ ይምላል። ትረስቲው ይጠይቃል፦ ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት አንብበውታል? ንብረትዎን በሙሉ ጽፈዋል? የእርስዎ ገንዘብ ያለበት ሰው አለ? በብዙ መዝገብ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ አበዳሪዎች እምብዛም አይመጡም። እንግሊዝኛው ለሚከብደው በስልክ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል፤ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ።

የማይሰረዝ ዕዳም አለ። የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብር፣ በማታለል የተገኘ ገንዘብ ይቀራል። የተማሪ ብድርም ከባድ ችግርን ለየብቻ ካላስረዱ በስተቀር አይሰረዝም። ለመኪናችሁ ዋስ ሆኖ የፈረመላችሁ ጓደኛም በእናንተ ቻፕተር 7 ነፃ አይወጣም፤ አበዳሪው ወደ እሱ ይዞራል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ንገሩት።

ዕዳ የያዘው ሁሉ ባንክራፕሲ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ዕዳው ትንሽ ከሆነ ከአበዳሪው ጋር መደራደር ይሻላል። የኮሌክሽን ድርጅት እንዳይደውል በጽሑፍ ማሳወቅ በሕግ ይቻላል። የክስ ወረቀት በር ላይ ከመጣ ግን አትተዉት፤ መልስ ካልሰጣችሁ ሳትሰሙ ይፈረድባችኋል፣ ከዚያም ከተጣራ ደመወዛችሁ እስከ 25 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል።

ቻፕተር 7 በክሬዲት ታሪክ ላይ 10 ዓመት ይቆያል። ማመልከት በራሱ ዜግነት አያስከለክልም፣ አሠሪም በዚህ ብቻ ከሥራ ሊያባርር አይችልም። ቅጽ ለመሙላት ገንዘብ የሚቀበል፣ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የሕግ ምክር መስጠት በሕግ ተከልክሏል፤ አቅም ለሌለው በብዙ ከተማ ነፃ የሕግ እርዳታ ቢሮ አለ። የዕዳ ስረዛው ትእዛዝ ሲደርሳችሁ ወረቀቱን በደንብ አስቀምጡ። የተሰረዘ ዕዳ ለሌላ ድርጅት ተሽጦ ከዓመታት በኋላ «ክፈሉ» የሚል ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የትእዛዙን ኮፒ ላኩለት፤ ከዚያ በኋላ ቢጠይቅ የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚጥሰው እሱ ነው።