በረካ ላይ የሚጮኽ ደወል፦ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ማንቂያ በጎንደር ቤቶች

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምት ሲገባ፣ ወይም ጥር ላይ ሌሊቱ ሲቆረፍድ፣ የከሰል ማንደጃው ከደጅ ወደ ቤት ይገባል። በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል። ጠዋት አንዱ ራሱን ይዞ ይነሳል፣ ሌላውን ያቅለሸልሸዋል። «ከሰል መትቶህ ነው» ይባላል። ወተት ይጠጣል፣ ሎሚ ይሸተታል፣ ነገሩ ያልፋል። የማያልፍበትም ሌሊት አለ።

የሚመታው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ከሰል፣ እንጨት፣ ላምባ፣ ቤንዚን ወይም ቡታጋዝ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። እንደ እርጥብ እንጨት ጭስ ዓይን አያስለቅስም። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይይዘዋል፤ ያውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ አያያዝ። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ሰውነቱ ግን ይታፈናል። ከፍታ ላይ ባለ ከተማ አየሩ ድሮውንም ሳሳ ያለ ስለሆነ ጉዳዩ ትንሽ ይከፋል። እርጉዝ፣ አራስ ቤት ያለ ጨቅላ፣ ሽማግሌና የልብ ሕመምተኛ ከሁሉም ቀድመው ይጎዳሉ።

ብዙ ሰው የሚያዘናጋ አንድ አባባል አለ፦ «ፍም ከሆነ ጭሱ አልቋል፣ ይግባ።» ጭሱ ማለቁ እውነት ነው። ጋዙ ግን አላለቀም። ከሥር የገባው አየር ከከሰሉ ጋር ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ያ ደግሞ በቀላው ከሰል መሐል ወደ ላይ ሲያልፍ እንደገና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ከፍሙ በላይ የምትወዛወዘውን ሰማያዊ ነበልባል አይታችኋል? እሷ ራሱ ጋዙ ሲነድ ነው። ያልነደደው ቤት ውስጥ ይቀራል። ማንደጃው አጠገብ ውኃ በሳህን ማስቀመጥም አይረዳም፣ ጋዙ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና።

ማንቂያው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች በአንድ ላይ «የጋዝ አላርም» ይሉታል እንጂ ዕቃዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያውቃል። ሌላው ከሲሊንደር የሚያፈተልክ ቡታጋዝ ያውቃል። ሦስተኛው፣ የጭስ ማንቂያ፣ የእሳት ቃጠሎን እንጂ ሁለቱንም አያውቅም። በአንድ ላይ የተሠሩም አሉ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። በአማርኛ «ነጭ ጋዝ» የምንለው ላምባ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የጋዝ ማንቂያ ለላምባ አልተሠራም። የላምባ ምድጃ ሲነድ የሚያመጣውን ጣጣ የሚያየው የካርቦን ሞኖክሳይዱ ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሚለካው በፒፒኤም ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ስንቱ ጋዝ እንደሆነ ማለት ነው። ልክ እንደሸተተው አይጮኽም። መጠኑንና ጊዜውን አብሮ ያሰላል። ኢኤን 50291 በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ መሠረት 50 ፒፒኤም ላይ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይታገሣል። 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ። 300 ከደረሰ በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። ዩኤል 2034 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ዘገም ይላል፦ 70 ፒፒኤም ላይ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል።

ይህን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። ቡና ተፈላ እንበል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ በሩ ለብርዱ ገርበብ ብሏል። አቦል ላይ ማንቂያው ዝም። ቶና ላይም ዝም። በረካ ሊቀዳ ሲል ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። እንግዳው ይደነግጣል፣ የቤቱ እመቤት «ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» ትላለች፣ ልጁ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ይነቅላል። ተበላሽቶ ግን አይደለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲቆጥር ቆይቶ ነው። መፍትሔው ባትሪ መንቀል ሳይሆን በርና መስኮት በደንብ መክፈት፣ ወይም ቡናውን በረንዳ ላይ ማፍላት ነው። እኔ በግሌ የበረንዳ ቡና አይከፋኝም። እርግጥ ሐምሌ ላይ ይህን ማለት ይቀላል እንጂ ማድረጉ ይከብዳል።

ምን ዓይነት ይገዛ ለሚለው፣ ጎንደር ላይ ከሁሉ በላይ የሚወስነው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሶኬት ላይ የተሰካ ማንቂያ አብሮ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሥራ ፈትቶ ከሰል የሚቀጣጠለውም ያን ጊዜ ነው። የሱቁ ጄኔሬተር ተነስቶ ጭሱ ላይኛው ፎቅ ላይ ወዳለው መስኮት የሚሄደውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለካርቦን ሞኖክሳይድ በባትሪ የሚሠራውን መምረጥ ይሻላል። ኤሌክትሮኬሚካል የሚባለው መለኪያው እጅግ ትንሽ ኃይል ነው የሚፈልገው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የታሸገ ባትሪ ይቆያል።

የቡታጋዝ ማንቂያ ግን እንዲህ አይቻልም። አብዛኛው መለኪያው ሁልጊዜ መሞቅ ስላለበት ኃይል ይበላል፣ ሶኬት ይፈልጋል። መብራት በሌለበት ሰዓት አፍንጫን መተካት አይችልም። ቡታጋዝ በተፈጥሮው እምብዛም ሽታ ስለሌለው ያ የበሰበሰ ነገር የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ ይጨመርበታል።

ዕቃው ጎንደር ውስጥ እንደ ስልክ ቻርጀር በየሱቁ የሚንጠለጠል አይደለም። ከአዲስ አበባ ይታዘዛል፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይመጣል። ከአሜሪካ ለምታስመጡ አንድ ነገር፦ እዚያ ሶኬቱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ሊቃጠል ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ይላክላችሁ። ጀርባው ላይ የተሠራበትን ቀንና የሚተካበትን ዓመት አስነብቡ፣ ምክንያቱም ቆይቶ የከረመ ዕቃ ዕድሜው ባልዋለበት ቤት አልቆ ሊመጣ ይችላል።

አሰቃቀሉ ላይ ጋዞቹ በጠባይ ይለያያሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ክብደቱ ከአየር ጋር የተቀራረበ ነው፣ ቤቱን ሁሉ ይሞላል። መኝታ ቤት ሲሆን የተኛ ሰው አፍንጫ በሚሆንበት ከፍታ ግድግዳ ላይ ማድረግ ይመከራል። ከሰል በሚነድበት ክፍል ከማንደጃው ከ1 እስከ 3 ሜትር ራቅ አድርጎ ከኮርኒሱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ማድረግ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከመስኮት አጠገብ አይሆንም። ንጹሕ አየር እየነፈሰበት ቤቱን ሰላም ነው ይላል። አንድ ብቻ ከተገኘ ቦታው መኝታ ቤት ነው፣ ምክንያቱም የተኛ ሰው ራስ ምታቱን አይሰማም። ለጥምቀት ዘመድ ከየገጠሩ መጥቶ ወለል ላይ ፍራሽ ሲዘረጋ ደግሞ ማንቂያውን ወደዚያ ክፍል ዝቅ አድርጎ ማዛወር ነው። በባትሪ መሥራቱ እዚህም ይጠቅማል።

አሮጌው የጭቃ ቤት በስንጥቁና በጣሪያው ሥር ይተነፍስ ነበር። የዛሬው የብሎኬት ሰርቪስ ቤት፣ የላሜራ በርና የአሉሚኒየም መስኮት ያለው፣ እንደ ቴርሞስ ይዘጋል። ተማሪና ሠራተኛ የሚከራየው ደግሞ ይህንኑ አንድ ክፍል ነው። ማብሰያውም መኝታውም እዚያው ነው።

ቡታጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈተልክ እንደ ውኃ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ዝቅተኛው ጥግ ይወርዳል። ስለዚህ ማንቂያው ከወለሉ ከ15 እስከ 30 ሳንቲሜትር ላይ ይሰቀላል፣ ከሲሊንደሩ ብዙም ሳይርቅ። ኮርኒስ ላይ የሰቀለው ሰው በከንቱ ደክሟል። አየር ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ሲደርስ ብልጭታ ይበቃዋል፤ ደህና ማንቂያ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይጮኻል። ማንቂያ ቢኖርም ባይኖርም ጎማውንና ሬጉሌተሩን በሳሙና አረፋ መፈተሽ አይቀርም። አረፋው ከተነፋ ያፈተልካል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አሁንም አለ፣ ምን ይባላል!

ጥገናው ቀላል ነው፣ ግን ይረሳል። በወር አንዴ «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። ቁልፉ ጩኸቱንና ባትሪውን ይፈትሻል እንጂ በአብዛኛው መለኪያው ራሱ ጋዝ ማወቁን አያረጋግጥም። ለዚህ ነው የመተኪያው ዓመት የሚከበረው፤ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ወይም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። በረኪና፣ ሽቶ፣ ፍሊት አይነካካው። ቤት ቀለም ሲቀባ አውርዶ ማራቅ፣ ከዚያ መመለሱን አለመርሳት። የቡታጋዙ ዓይነት የአረቄ ትነትና ፍሊትም ያስጮኸዋል፣ አረቄ የሚወጣበት ቤት ይህን ልብ ይበል።

የድምፁንም ቋንቋ ማወቅ ያስፈልጋል። በየደቂቃው አካባቢ አንዴ «ጢው» ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም ዕድሜው አልቋል። በብዙዎቹ ላይ አራት ጩኸት፣ ዝምታ፣ እንደገና አራት ጩኸት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ለቡታጋዝ ከጮኸ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። ለማብራትም ለማጥፋትም። ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ በር ይከፈታል፣ ስልክ የሚደወለው ደጅ ወጥቶ ነው። ለካርቦን ሞኖክሳይድ ከጮኸ ሁሉም ሰው ይወጣል፣ ይቆጠራል። የተኛውም፣ አራሷም። ራሱን ያዞረው፣ ያስመለሰው ወይም የተደናገረው ወተቱን ትቶ ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ፈውሱ ኦክስጅን ነው። ተራ አየር እየተነፈሱ ደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ስትደርሱም «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» ብላችሁ ተናገሩ። ጣት ላይ የሚሰካው ተራ የኦክስጅን መለኪያ ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከካርቦን ሞኖክሳይድ አይለይም፣ ሰውየው ተመርዞ እያለ ኦክስጅኑ 98 በመቶ ነው ብሎ ሊያሳይ ይችላል።