የጌም ኮንትሮለር ኤርጎኖሚክስ ምንድን ነው?

ኤርጎኖሚክስ ዕቃን ለሚጠቀምበት ሰው አካል እንዲስማማ አድርጎ የመሥራት ጥናት ነው። የቢሮ ወንበር ከፍታ፣ የመቀስ እጀታ፣ የመኪና መሪ ውፍረት ሁሉ የዚህ ጥናት ጉዳዮች ናቸው። በኮምፒውተር ጌም ለሚጫወት ሰው ደግሞ ጉዳዩ በሁለት እጅ የሚያዘው ኮንትሮለር፣ ብዙዎቻችን ጆይስቲክ የምንለው ዕቃ ነው። ክብደቱ ወደ 300 ግራም የሚጠጋው ይህ ፕላስቲክ ዐይን ሳያየው ለሰዓታት በእጅ ይቆያል። ከአሥሩ ጣቶች ውስጥ ግን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት አራቱ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ ሌባ ጣቶች ከላይ ያሉትን ቃታዎች ይስባሉ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች የቀረውን ሁሉ ይሸከማሉ።

ስለዚህ ኮንትሮለርን ስመዝን የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ አውራ ጣቴን ከቦታው ስንት ጊዜ ያስነሣኛል? የቁልፎቹ ብዛት፣ መብራቱ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከተለመደ የተኩስ ጌም አንዲት ሰከንድ ወስደን እንያት። ተጫዋቹ በግራ አውራ ጣቱ ስቲኩን (ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚያጋድለውን አጭር ዘንግ) ወደ ፊት ገፍቶ ይሮጣል፤ በቀኝ አውራ ጣቱ ሌላውን ስቲክ እያንቀሳቀሰ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ያነጣጥራል። ድንገት አጥር ገጠመውና መዝለል አለበት። የመዝለያው ቁልፍ ያለው ከቀኙ ስቲክ በላይ በተደረደሩት አራት ቁልፎች መካከል ነው። አውራ ጣቱ ስቲኩን ለቅቆ ይወጣል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ተጫዋቹ አየር ላይ ነው፤ ጠላቱን እያየው ሊያነጣጥርበት አይችልም። ይህን ለማምለጥ ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾች ቀኝ ሌባ ጣታቸውን አጥፈው በአራቱ ቁልፎች ላይ ያንዣብቡበታል፣ ቃታውን ለመሃል ጣት ይተዋሉ። ዘዴው ይሠራል፤ ጉዳቱ ግን በታጠፈው ጣትና በተጣመመው የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል።

ነገሩ እንዲህ የሆነው ኮንትሮለር በአንድ ጊዜ ታስቦ የተሠራ ዕቃ ስላልሆነ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1983 ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የጌም ማሽን) ኮንትሮለር ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ነበር። በግራ በኩል ጉንፔ ዮኮይ ለኪስ ጌሞች የፈጠረው የመስቀል ቅርጽ ያለው የአቅጣጫ ቁልፍ፣ በቀኝ በኩል ሁለት የመጫኛ ቁልፎች ነበሩት፤ ሥራው ለሁለት አውራ ጣቶች ከበቂ በላይ አልነበረም። በ1990 የወጣው ሱፐር ፋሚኮም ጫፎቹን አለዘበ፣ የቀኙን ቁልፎች አራት አደረገ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በላይኛው ጠርዝ ሁለት ቁልፎችን ጨምሮ እስከዚያ ድረስ ሥራ ፈት የነበሩትን ሌባ ጣቶች ሥራ አስያዘ። በ1994 የሶኒው ዲዛይነር ቴዩ ጎቶ ለፕሌይስቴሽን የነደፈው ኮንትሮለር ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት እጀታዎች ይዞ መጣ፤ መዳፍም የሚጨብጠው አገኘ። በ1996 ኒንቴንዶ 64 አናሎግ ስቲክን ለብዙኃኑ አስተዋወቀ፤ በ1997 ሶኒ ባለ ሁለት ስቲክ ኮንትሮለር አወጣ።

ሁለቱ ስቲኮች የት ይቀመጡ? የላይኛው ምቹ ቦታ በግራ በመስቀሉ፣ በቀኝ በአራቱ ቁልፎች አስቀድሞ ተይዟል። ሶኒ ስቲኮቹን ከታች፣ ወደ መሃል አስገባቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ማይክሮሶፍት በ2001 ኤክስቦክስን ሲያወጣ ግን የሚያስረው የቆየ ልማድ አልነበረውምና፣ ቀደም ሲል የሴጋ ድሪምካስት እንዳደረገው፣ የግራውን ስቲክ ከላይ አስቀምጦ መስቀሉን ወደ ታች አወረደው። የመጀመሪያው የኤክስቦክስ ኮንትሮለር በግዝፈቱ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ለጃፓን ገበያ ተብሎ የተሠራው አነስተኛው ሞዴል ብዙም ሳይቆይ የሌሎቹንም አገሮች ገበያ ወሰደ።

እጅን ዘና አድርገው እጀታ ሲይዙ አውራ ጣት የሚያርፈው ወደ ፊት ቀና ብሎ ነው። ወደ ታችና ወደ ውስጥ ለመድረስ ከሥሩ መታጠፍ አለበት። ዛሬ በምንጫወታቸው አብዛኞቹ ጌሞች የግራ አውራ ጣት ከስቲኩ የሚለየው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ የግራው ስቲክ ከላይ መቀመጡ ትክክል ነው እላለሁ። የሶኒ ወዳጆችም ውሃ የሚያነሣ መከራከሪያ አላቸው። በመስቀሉ ብቻ በሚጫወቱት የድብድብ ጌሞች ላይ መስቀሉ ከላይ መሆኑ እጅን ያሳርፋል።

የኮምፒውተር ተጫዋች ከኮንሶል ባለቤት የሚለየው በዚህ ነው፤ የወደደውን ቅርጽ መርጦ መሰካት ይችላል። ይህ ነፃነት ግን ለረጅም ጊዜ ራስ ምታት ነበር። ኮንትሮለርን ከጌም ጋር የሚያገናኘው የዊንዶውስ ሥርዓት ዳይሬክትኢንፑት በነበረበት ዘመን ዊንዶውስ ለጌሙ የሚያቀብለው የቁልፍ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ቁልፍ 3 በአንዱ ኮንትሮለር ላይ አውራ ጣት ሥር፣ በሌላው ላይ ከላይኛው ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ተጫዋቹ አዲስ ጌም በጫነ ቁጥር ቁልፎቹን ከጌሙ ጋር አንድ በአንድ ማስተዋወቅ ነበረበት። በ2005 የወጣው የኤክስቦክስ 360 ኮንትሮለር በዩኤስቢ ከዊንዶውስ ጋር እንዲሠራ ሲደረግና ኤክስኢንፑት የተባለው አዲስ የማገናኛ ሥርዓት አብሮት ሲመጣ የእያንዳንዱ ቁልፍ ቦታና ስም ተወሰነ። ጌም ሠሪዎች በአንድ ቅርጽ ላይ ተማምነው መሥራት ጀመሩ፤ ሌሎች አምራቾችም ቅርጹን ተከተሉ።

መወሰኑ ግን አጥርም ሆነ። ኤክስኢንፑት የሚያውቀው በዚያ ኮንትሮለር ላይ የነበሩትን ቁልፎች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በጀርባ በኩል የተጨመሩት ቁልፎች በእሱ ዘንድ ስም የላቸውም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ የሌላ ቁልፍን ትእዛዝ ከመድገም አያልፉም። ስቲም በተባለው የቫልቭ ኩባንያ የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የማስተካከያ ገጽ ከሚያውቃቸው ኮንትሮለሮች ጋር ሲሆን የጀርባ ቁልፍን ለብቻው ለይቶ የኪቦርድ ቁልፍ ሥራ እንኳ ሊሰጠው ይችላል። ኮንትሮለር የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ይህን ቢያጣራ ይጠቅመዋል።

የጀርባ ቁልፍ እኔ በበኩሌ ከስቲክ ወዲህ የመጣ ትልቁ መሻሻል ነው ብዬ አምናለሁ። የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ሥራቸው ዕቃውን ደግፎ መያዝ ብቻ ነበር። መዝለያው ወደ እነርሱ ሲዛወር በተኩስ ጌሙ ምሳሌ ተጫዋቹን የገጠመው አጥር ችግር መሆኑ ይቀራል፤ ቀኝ አውራ ጣት ከስቲኩ ሳይላቀቅ ተጫዋቹ ይዘላል፣ እየዘለለም ያነጣጥራል። ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው ኤሊት ኮንትሮለር ከጀርባው አራት ማንሻዎች አሉት፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቫልቭ ስቲም ኮንትሮለርም በእጀታዎቹ ጀርባ ሁለት ቁልፎች ነበሩት። የጣት ማረፊያ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በ2021 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ቫልቭ በእነዚህ ቁልፎች የሌላን ኩባንያ ፓተንት ጥሷል ብለው 4 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስነውበታል። ሁሉም የጀርባ ቁልፍ ደግሞ እኩል አይደለም። እጀታው ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ሳይታሰብ የሚጫን ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል።

ወደ ጀርባ ማዛወር ያለብን ሌላም ትእዛዝ አለ። ብዙ ጌሞች ለመሮጥ የግራውን ስቲክ ወደ ፊት እየገፉ ወደ ታች መጫንን ይጠይቃሉ። አንድ አውራ ጣት በአንድ ጊዜ በሁለት አቅጣጫ ኃይል እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ከጌም ሠሪዎች ልማድ ሁሉ ይህን ያህል የምቃወመው የለም።

ከማውስ ጋር የሚደረገው ንጽጽርም እዚሁ አውራ ጣት ላይ ይወድቃል። ማውስ ቦታን ይነግራል፤ እጅ የተንቀሳቀሰውን ያህል ዕይታው ይንቀሳቀሳል፣ እጅ ሲቆም ይቆማል። ስቲክ የሚናገረው ፍጥነትን ነው፤ ይበልጥ ሲያጋድል ዕይታው ይበልጥ ይፈጥናል፣ ወደ መሃሉ እስኪመለስም መዞሩን አያቆምም። ኢላማ ላይ ለመድረስ መግፋት ብቻ አይበቃም፤ በልኩ ሰዓት መመለስም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አውራ ጣት በምታልፋት ከአንድ ሳንቲሜትር እምብዛም በማትበልጥ ጉዞ ውስጥ ነው። ጌሞች ለኮንትሮለር ተጫዋች የማነጣጠር ድጋፍ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ ስቲክ የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለዚያው ማጋደል አውራ ጣት ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ጥቃቅን እርማት ይቀላል።

ስቲኩ ሲፈታ ከጎማው ቆብ ሥር ሁለት ትንንሽ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች ይገኛሉ፤ አንዱ የግራና ቀኙን፣ ሌላው የላይና ታቹን ይለካል። በውስጣቸው ቀጭን የብረት ምላስ በካርቦን ንጣፍ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። እጅግ ብዙ ከሆኑ ምልልሶች በኋላ ንጣፉ ይበላል፤ በተለይም ምላሱ አዘውትሮ በሚመለስበት መሃል አካባቢ። ያኔ ስቲኩን ማንም ሳይነካው በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በራሱ መራመድ ይጀምራል። የብዙ ሰው መፍትሔ በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ በስቲኩ መሃል ያለውን ምላሽ የማይሰጥ ክልል ማስፋት ነው። መራመዱ ይቆማል፤ አውራ ጣት ግን ምላሽ ለማግኘት የበለጠ መሄድ ይኖርበታል፣ ያችው ጠባብ መንገድም ይበልጥ ትጠባለች። ማግኔት የሚጠቀሙት ስቲኮች ይህ መፋቅ የለባቸውም። የሚሠሩት ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ክስተት ነው፤ ዳሳሹ የማግኔቱን ቅርበት ከርቀት ይለካል፣ የሚነካካ ነገር የለም። ድሪምካስት በ1998 ማግኔት ተጠቅሞ ነበር፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጡ ብዙ የኮምፒውተር ኮንትሮለሮች ይዘውታል።

በኮንትሮለር የሚመጣ የእጅ ሕመም ቀላል ነገር አይደለም። ከአውራ ጣት ተነሥተው በእጅ አንጓ ጎን የሚያልፉ ሁለት ጅማቶች በጠባብ ቱቦ ውስጥ ይሄዳሉ፤ የአውራ ጣት ድግግሞሽ ሲበዛ ያ ቱቦ ሊያብጥና ሊያም ይችላል። ሐኪሞች ሕመሙን በስዊዘርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍሪትዝ ደ ከርቫን ስም ይጠሩታል። ሕመም የያዘው ሰው ኮንትሮለር ከመለወጥ በፊት ዕረፍትና ሐኪም ያስፈልገዋል።

ሱቅ ውስጥ ዕቃውን በእጅ ይዞ ማየት ከሁሉም ይበልጣል። በቀለበት ጣትና በትንሿ ጣት ብቻ ደግፈው ሲይዙት ሳይጨብጡት እጅ ውስጥ መቆየት አለበት። አውራ ጣት ስቲኩ መሃል ላይ ሲያርፍ አንጓው በመጠኑ ይታጠፍ፤ ተወጥሮ ከተዘረጋ ዕቃው ለእጁ ትልቅ ነው፣ ከልክ በላይ ከታጠፈ ትንሽ ነው። ቃታው እስከ መጨረሻው ሲሳብ መዳፍ ከቦታው መንሸራተት የለበትም። በኮምፒውተር ጠረጴዛ ፊት ክርንን አየር ላይ አንጠልጥሎ ከመጫወት ይልቅ በወንበሩ ክንድ ወይም በጭን ላይ ማሳረፍ ትከሻን ያድናል።

የእጅ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ማይክሮሶፍትም በ2020 ኮንትሮለሩን በጥቂቱ አሳንሶ ያለዘበው ትንንሽ እጆችን አስቦ ነው። በሁለት እጅ መያዝ ለማይችል ሰው ግን ቅርጽ ማለዘብ አይበቃም። በ2018 የወጣው፣ በኮምፒውተርም የሚሠራው ኤክስቦክስ አዳፕቲቭ ኮንትሮለር ከላይ ሁለት ሰፋፊ ቁልፎች፣ ከጀርባው ደግሞ 19 የ3.5 ሚሊሜትር መሰኪያዎች አሉት። በእያንዳንዱ መሰኪያ በእግር የሚረገጥ፣ በክርን የሚገፋ ወይም በአገጭ የሚነካ ቁልፍ ይሰካበታል፤ መዝለያው የት እንደሚሆን የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነው።