ባሕር፣ ደንገልና ዳያተም፦ የጥንት ውኃ ምስክሮች በጣና ዙሪያ

የጣና ዳር ሰው ሐይቁን «ባሕር» ነው የሚለው፤ ባሕር ዳርም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። እውነተኛውን ባሕር የፈለገ ግን ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ ደጀንን አልፎ ዐባይ በረሃ ይውረድ። ከላይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ በታች በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አገሩን ሸፍኖ የነበረው ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ ይታያል።

በዚህ ድንጋይ ውስጥ የፎራሚኒፌራ ቅሪተ አካል ይገኛል። ፎራሚኒፌራ ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት ሲሆኑ አብዛኞቹ ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጡም። ብዙዎቹ ቅርፊታቸውን ከካልሲየም ካርቦኔት ይሠራሉ፤ በቅርፊቱ ውስጥ ያለው የከባድና የቀላል ኦክስጅን (በክብደት የሚለያዩ የኦክስጅን አቶሞች) ምጣኔ የውኃውን ሙቀትና በምድር ላይ የተከማቸውን በረዶ መጠን ይጠቁማል። ሳይንቲስቱ ቼዛሬ ኤሚሊያኒ በ1955 እ.ኤ.አ. የበረዶ ዘመናትን መፈራረቅ ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። እንደ ዐባይ በረሃ ባለ አሮጌ ድንጋይ ላይ ግን ይህን ምጣኔ በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ደለሉ ወደ ድንጋይነት ሲለወጥ ኬሚስትሪውም አብሮ ሊዛባ ይችላል።

ጣና ጨው አልባ ስለሆነ እዚያ ምስክርነቱ የዳያተሞች ነው። ዳያተም መስተዋት መሳይ የሲሊካ ቅርፊት ያለው ጥቃቅን አልጌ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አንዳንዱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ክብ ሣጥን ነው፤ ሌላው ቁርጥ ታንኳ! ናቪኩላ የሚባለው ወገን ስሙም በላቲን ትንሽ ጀልባ ማለት ነው።

በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሐይቁ ወለል የወጣውን ደለል መርምሮ ነበር። ጣና ዛሬም ቢሆን ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነውና ዝናብ ሲጠፋ ቶሎ ይጎዳል። ከሥር የተገኘው ደርቆ የጠጠረ ደለል ነው፦ ሐይቁ አንድ ጊዜ ደርቆ ነበር። ከዚያ በላይ የበሰበሰ የረግረግ ዕፅዋትና ዕፅዋት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ዳያተሞች መጡ። ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት የሐይቁ መሐል የደንገል ረግረግ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ቦታ ያኔ የታንኳው ደንገል የሚበቅልበት ነበር። ቀጥሎ ጨው የሚወዱ ዳያተሞች በረከቱ፤ ውኃው ቢጨምርም መውጫ አጥቶ ይተን ነበርና። ከ14,750 ዓመት በፊት እነዚህ በድንገት ጠፍተው የጨው አልባ ውኃ ዳያተሞች ተተኩ። ጣና ሞልቶ ወደ ዐባይ የፈሰሰው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ ታሪኩን ሜዲትራኒያን ይቀበላል። ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመት በፊት ገደማ ዝናቡ በርትቶ የናይል ጎርፍ ባሕሩ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ከላይ ያለው ኦክስጅን ወደ ታች መውረድ ተሳነው። በምሥራቁ ሜዲትራኒያን ወለል ጥቁር የደለል ንብርብር ተኛ። በጥልቁ የባሕሩ ክፍል በዚህ ንብርብር ውስጥ ከውኃው ገጽ የወረዱ የፎራሚኒፌራ ቅርፊቶች አሉ፤ ወለሉ ላይ የሚኖሩት ዝርያዎች ግን ወይ እጅግ ጥቂት ናቸው፣ ወይ ጭራሽ የሉም።